ዶልፊን ጠዋት አልነሳ ሲል፦ የተቃጠለ ማሞቂያ ካንዴላ

መኪናው 5ኤል የሚባል የናፍታ ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይኤስ ነው። ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን እምቢ ይላል፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል። እንደምንም ከተነሳ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ይስተካከላል። ከሞቀ በኋላ በአንድ ቁልፍ ይነሳል።

ነጩ ጭስ ብዙ ይናገራል፦ ናፍታው ሲሊንደር ገብቷል፣ አልተቃጠለም፤ ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀው ደግሞ ማሞቂያ ካንዴላው ነው። ስለዚህ ካንዴላውን ሳይፈትሹ የናፍታ ፓምፕ ማስፈታት ገንዘብ ማባከን ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የደከመ ማሞቂያ ቶሎ ይታወቃል።

አራቱን ካንዴላዎች የሚያገናኘውን ብረት መጀመሪያ ፈታሁ፤ ሳይፈታ ከተለካ አንዱ ደህና የሌሎቹን መቃጠል ይደብቃል። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጌ ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ሞተሩ አካል ለካሁ። ሁለቱ 1 ኦም ገደማ አነበቡ፣ ደህና ናቸው፤ ሁለቱ ግን መስመራቸው ተቆርጦ ምንም አላነበቡም፣ ተቃጥለዋል።

አራቱንም ቀየርኩ። አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ ያንኑ ግዙ፤ ያነሰ ቮልት ያለው ቶሎ ይቃጠላል። ስትፈቱ ሞተሩ ሞቅ ይበል፣ መፍቻውንም አታስገድዱ። ካንዴላው ውስጥ ከተሰበረ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) እስከ ማውረድ ሊያደርስ ይችላል።

አሁን የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ ጠብቆ ቁልፍ ማዞር ብቻ ይበቃዋል፤ ነጩ ጭስም ቀርቷል።