ልጃችሁ «ኳስ ተጫዋች ነው የምሆነው» ሲላችሁ

ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ታዳጊዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆነኝ። የደሴን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ግን ሁሌም ይቀድሙኛል። ድሮ «ኮች፣ ዛሬ ከማን ጋር ነው?» ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ታኬታውን እያሰረ «ኮች፣ ፊርማ ስንት ገባ?» አለኝ። ክለብ ሲያስፈርም የሚከፍለውን ብር ማለቱ ነው።

ወላጆች ምን እናድርግ ሲሉኝ የምነግራቸውን እዚህ ልጻፈው።

ልጁ ስለ ገንዘብ ሲያወራ አትቆጡት። የቤቱን ችግር ያያል እኮ። «ለእማዬ ቤት እሠራላታለሁ» ያለ ልጅ ምኑ ይነቀፋል? እናንተ ዝም ካሰኛችሁት ቲክቶክ ያስተምረዋል። ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና አብራችሁት አስሉ።

ኳስ ባይሆንም፣ እኔ የማስላው አሜሪካ በሚሮጠው የቦስተን ማራቶን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የእኛው ሲሳይ ለማ አሸንፎታል። የአንደኛው ሽልማት 150,000 ዶላር ነበር ስላቸው ይጮኻሉ። ከዚያ እንቀንሳለን። አሜሪካ ከውጭ አገር ሰው ገቢ ላይ የምትቆርጠው ግብር በደንቡ 30 በመቶ ነው፤ 45,000 ሄደ። ማናጀር በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል፤ 22,500 ሄደ። 82,500 ቀረ። አሠልጣኙ ገና አልተከፈለም። ሁለተኛ የወጣው 75,000፣ ሦስተኛው 40,000 አገኘ። አንዱ ልጅ ወረቀቱን ሲያይ ቆየና «መቶኛ የወጣውስ?» አለኝ። ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ በራሱ ወጪ ወደ ቤቱ ይመለሳል አልኩት። ዝም አለ። ያቺ ዝምታ ከብዙ ምክር ትበልጥብኛለች።

ቀጥሎ ማናጀር ነኝ ባዩን ተጠንቀቁ። ይሄን ስጽፍ ሆዴ ይቃጠላል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ኮምቦልቻ ላይ የእህቴን ልጅ አየውና «አውሮፓ ለሙከራ እወስደዋለሁ» አለ። ልጁ ገና 15 ዓመቱ ነበር። እህቴ የአንገት ወርቋን ሸጣ 40 ሺህ ብር ሰጠችው። ሰውየውም ስልኩም ጠፉ። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም።

አሁን የምጠይቀው ይሄን ነው። ልጁ 18 ሞልቶታል? የፊፋ ደንብ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ወደ ሌላ አገር ክለብ እንዲዛወር አይፈቅድም። ሰውየው የፊፋ ፈቃድ አለው? የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ጠይቋል? ደግሞ የእውነት ማናጀር የሚያገኘው ተጫዋቹ ከሚያገኘው ነው። በቅድሚያ ብር አምጡ ካለ ቡናውን አጠጡና ሸኙት።

ስለ ዝናም ልናገር። ልጁ ጎል ባገባበት ቀን ቪዲዮውን አትልቀቁት። አንድ ጎበዝ አጥቂ ነበረኝ። ቪዲዮው በዞረ በሳምንቱ ልምምድ ላይ መሮጥ አቆመ፤ ኳስ ሲነጠቅ መልሶ አይከተልም። በወሩ ጭራሽ ቀረ። እናንተ ለጎሉ ሳይሆን ለመለሳት ኳስ አመስግኑት። ቤቲንግ ቤት ደጃፍ መቆም ከጀመረ ደግሞ ነገ ሳትሉ ያኔውኑ አነጋግሩት።

ትምህርቱን እንዳይተው የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የእህቴ ልጅ አሁን 17 ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ አንድ ክለብ ሙከራ ገባ። ታኬታውንና የልደት ማስረጃውን ኮፒ አስያዝነው። «ወረቀት ከሰጡህ ሳትፈርም ይዘኸው ና» አልኩት። ይዞት መጣ። ማታ ቡና ላይ ሦስታችን ቃል በቃል አነበብነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የውሉ ዘመን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ከእናቱ ጋር ወርደን አስሞላነው። ከዚያ በኋላ ነው እሷም እሱም የፈረሙት።