ሁለት ወንድ የሥራ ባልደረቦች የሚዋደዱበትን ልቦለድ እንዴት እንጽፋለን?

አንዱ ዝምተኛ፣ ሌላው ለፍላፊ። መጀመሪያ ይናቆራሉ፣ በኋላ ይዋደዳሉ። ሲያነቡት ቀላል ይመስላል። ሊጽፉት ሲቀመጡ ግን አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ታሪኩ ቀጥ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የጠባያቸው ልዩነት ከሥራቸው ጋር አለመገናኘቱ ነው።

1. ከሰዎቹ በፊት ሥራውን ምረጡ

ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ የሚያፍን ሥራ ይሁን። እኔ ብሆን ቺካጎ ያለ የሂሳብ ባለሙያዎች ቢሮ እመርጣለሁ። አሜሪካ ውስጥ የግለሰብ ታክስ ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል 15 ነው። ቀኑ ሲቃረብ ፋይል ይቆለላል፣ ሰው ያመሻል፣ እራቱን ጠረጴዛው ላይ ይበላል። የሴራው ግማሽ በነጻ መጣላችሁ ማለት ነው።

ደግሞ ጥቃቅን እውነት ጣል አድርጉ። ለምሳሌ ማራዘሚያ የጠየቀ ደንበኛ ቅጹን እስከ ኦክቶበር 15 ማቆየት ይችላል፤ ክፍያው ግን አይራዘምለትም። ይሄን ለደንበኛ በስልክ ማስረዳት ራሱ አንድ ትዕይንት ይወጣዋል።

2. ልዩነታቸውን በእጃቸው አሳዩ

«ሄንሪ ጥንቁቅ ነው፣ ማርኮ ዝርክርክ ነው» ማለት የትም አያደርስም። ማርኮ የደንበኛውን ደረሰኝ በፌስታል ተሸክሞ ይምጣና በአለቃው በሄንሪ ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፈው። ሄንሪ ምንም ሳይናገር በቀን በቀን ይደርድር፣ ጠርዛቸውን በመዳፉ ያስተካክል። ማርኮ ከመሃል አንዱን መዝዞ፣ «ይሄን ይዩት እስቲ፤ ሚስቱ የሞተችበት ሳምንት እኮ ነው» ይበል። የሄንሪ እጅ ቀጥ ይላል።

አንዱ ቁጥሩን ያያል፣ ሌላው ሰውየውን። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ብቻ ልክ ከሆነ የጻፋችሁት ፍቅር ሳይሆን ምክር ነው። መጀመሪያ ላይ የሚያናድደው ጠባይ፣ ኋላ ሌላውን ከጭንቅ የሚያወጣው ራሱ ይሁን።

3. እንቅፋቱ ከየት ይምጣ?

ይሄ በቦታና በዘመን ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሠራተኛን በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነቱ ምክንያት ማባረር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ዛሬ ቺካጎ ላይ «ከታወቀ እንባረራለን» የሚለው ስጋት ብቻውን መጽሐፍ አይሸከምም። አለቃና ምንዝር መሆናቸው ይሻላል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለው ግንኙነት ለሰው ኃይል ክፍል (ኤችአር) እንዲነገር ይፈልጋሉ። ሄንሪ ነገሩ ሳይጠና በፊት የማርኮን የሥራ ግምገማ ለሌላ ሰው ያስረክብ፤ አለዚያ አንባቢ ይጠላዋል።

ታሪኩን 1950ዎቹ ለንደን ከወሰዳችሁት ሁሉ ነገር ይገለበጣል። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1967 ድረስ እስር ቤት የሚያስገባ ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ካደረጋችሁትም የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ። ያኔ የቢሮ ፍቅር መሆኑ ይቀርና የፍርሃትና የምስጢር ታሪክ ይሆናል። እሱም ይጻፋል፣ ግን ሌላ መጽሐፍ ነው።

4. የ«እሱ» ጣጣ

ወንድና ሴት ቢሆኑ «አየችው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሁለት ወንዶች ሲሆኑ ግን «አየውና ሳቀበት» ስትሉ ማን ነው የሳቀው? ስም እየደጋገሙ መጻፍ ደግሞ ያሰለቻል። በአንደኛ መደብ ጻፉት፤ አንድ ምዕራፍ ሄንሪ ይተርክ፣ ቀጣዩን ማርኮ። «አየሁትና ሳቅሁበት» ሲል ጣጣው አለቀ።

አማርኛ በሌላ በኩል ይክሳችኋል። ማርኮ ወር ሙሉ «እርስዎ» ሲል ከርሞ፣ አንድ ሌሊት ድካም ላይ «ቡና ልጨምርልህ?» ብሎ ያምልጠው። ሄንሪ ሰምቶ አያርመው፣ ኩባያውን ብቻ ያቀብለው። ከመጀመሪያው መሳሳም ይልቅ ይሄ ይሞቃል። የሚሠራው አንዴ ብቻ ስለሆነ አታባክኑት።

5. ጠቡና መጨረሻው

የዘውጉ አንባቢ ፍጻሜው እንዲያምር ይጠብቃል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተሰኘውን ልቦለዱን ገና 1913 ላይ ሲጀምር ሁለቱን ወንዶች አብረው ሊያስቀር ቆርጦ ነበር። መጽሐፉ የታተመው ግን እሱ ካለፈ በኋላ፣ በ1971 ነው። እናንተም ለማስለቀስ ብላችሁ አንዱን አትግደሉ።

ጠቡ ከሥራው ይምጣ። ማርኮ ለዚያ ሚስቱ ለሞተችበት ደንበኛ አዝኖ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አስገብቷል። ቅጹ ላይ የሚፈርመው ደግሞ ሄንሪ ነው። አይፈርምም። ይኮራረፋሉ። እርቁን በረጅም ንግግር አታንዛዙት፤ ሄንሪ ራሱ ማርኮን መኪናው ውስጥ ጭኖ ደንበኛው ቤት ይሂድና፣ ሁለቱ ወለል ላይ ተቀምጠው የሰውየውን መሳቢያ ይበርብሩ።