በመሐል አዲስ አበባ የሙያ ትውውቅ ሲገነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከስታዲየም እስከ ሰንጋ ተራ የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ በካዛንቺስ ደግሞ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቢሮዎች ተጠጋግተው ስለሚገኙ፣ በዚህ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ከሰው ጋር ለመተዋወቅ ብዙም አይቸገርም። የሚቸገረው የተዋወቀውን ሰው በመያዙ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጉዳይ ሲኖር ብቻ መደወል ነው። ዓመት ሙሉ ድምፁን ያላሰማ ሰው የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በወጣ ማግሥት «ጠፋህ እኮ!» ብሎ ሲደውል፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ተቀባዩ አስቀድሞ ያውቀዋል። በበዓል ዋዜማ በቴሌግራም ለሁሉም በጅምላ የሚላክ የ«እንኳን አደረሳችሁ» ምስልም ይህን ክፍተት አይሞላም፤ በስም ጠርቶ ሁለት መስመር መጻፍ ይሻላል። ባልደረባዎ ሐዘን ሲደርስበት ለቅሶ መድረስ ደግሞ ከየትኛውም የሆቴል ስብሰባ ይበልጣል፤ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ሐዘንተኛው አይረሳምና።

ከሁሉ የከፋ የምለው ግን ገና የተዋወቁትን ሰው ዋስ እንዲሆን መጠየቅን ነው። ብዙ ቀጣሪዎች፣ በተለይ ገንዘብና ንብረት በሚያስረክቡባቸው የሥራ መደቦች፣ ዋስ ካልቀረበ ሥራ አያስጀምሩም። ዋሱም ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ አጽፎ፣ ጉድለት ቢገኝ ሊጠየቅ ተስማምቶ መፈረም ይኖርበታል። ነገ ለገዛ ወንድሙ ሊውል የሚችለውን ዋስትና ዛሬ ለእርስዎ ስጥ እንደማለት ስለሆነ፣ ጥያቄው የሚያቀርበው ሸክም ከትውውቁ ዕድሜ ጋር አይመጣጠንም። ሰውየው ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስለው «እስቲ ባለቤቴን ላማክር» ይልና ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ ማንሳት ይተዋል፤ እርስዎም ዋሱንም ወዳጁንም ያጣሉ። ዋስትና ከቤተ ዘመድ ወይም ለዓመታት አብሮ ከሠራ ሰው የሚጠየቅ ነገር ነው።

ሌላው ስህተት አለቃ አለቃውን ብቻ ማሳደድ ነው። በስብሰባ የሻይ ሰዓት ሁሉም የክብር እንግዳውን ሲከብ፣ ዳር ቆመው ማኪያቷቸውን የሚጠጡት የሰው ኃይል ባለሙያና የሒሳብ ሠራተኛ የሚያነጋግራቸው አያገኙም። የትኛው ክፍል ሰው እንደጎደለው፣ ማመልከቻዎም በማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው። በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት በሚያዘጋጃቸው ሥልጠናዎችና የንግድ ትርዒቶች ላይም፣ ከመድረኩ ተናጋሪ ይልቅ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ቢተዋወቁ የተሻለ ፍሬ ያገኛሉ። ጸሐፊዋን አልፎ ወደ ውስጥ ለመግባት መሞከርማ ጭራሽ የማይመከር ነው።

በመጨረሻ፣ ቀጠሮን በግምት መያዝ ያስተዛዝባል። ከውጭ አገር ዜጋ ጋር ሲቀጣጠሩ «3 ሰዓት» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ እርስዎ ጠዋት ሲጠብቁ እርሱ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛን ምሳ ለመጋበዝ ከፈለጉ ደግሞ ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚረዝም አመቺ ነው፤ ብቻ ቀኑ ጾም ስለሆነ የሚመርጡት ቤት ጥሩ የጾም በያይነቱ እንዳለው አስቀድመው ያረጋግጡ።