ደረት ሲጨንቅ አስፕሪኑን አኝኩት

ድሬ ላይ አንድ ሰው በርጫ ላይ ላብ ካጠመቀው «ሙቀቱ ነው» ይባላል። ደረቱን ከጨነቀው ደግሞ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ወተት ይቀርብለታል። ግን ደረት መሃል የሚጫን ሕመም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብም ካለ፣ ሀርት አታክ (የልብ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋት) ጠርጥሩ። ቶሎ 907 ደውሉ። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይሁን፤ ብቻ ታማሚው ራሱ እንዳይነዳ።

ከዚያ አስፕሪን። ባለ 300 ሚሊ ግራም ከሆነ 1፣ ባለ 81 ከሆነ 4 ፍሬ። ዋናው ነገር ማኘኩ ነው፤ እንዳለ ከተዋጠ ይዘገያል። ይመርራል፣ ግድ የለም። አስፕሪን የረጋውን ደም አያሟሟም፤ እንዳይብስ ግን ያግዛል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ምትክ አይሆኑም፤ ጭራሽ ሊጎዱ ይችላሉ።

አስፕሪን አለርጂ ላለበት፣ ደም ለሚያስታውከው፣ አፉ ለተጣመመ ወይም አንድ ጎኑ ለዛለ ሰው አትስጡ።

የጎረቤት የልብ ኪኒን አትዋሱ። በተለይ ቪያግራ የወሰደ ሰው ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን የልብ ኪኒን ምላሱ ሥር ቢያደርግ የደም ግፊቱ ክፉኛ ይወርዳል። ይሄንን ሰው አፍሮ ስለሚደብቅ ለብቻው ጠይቁት።

ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው በደንብ የሚሠራው፤ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈው ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። ጫት መቃሙንም ለሐኪሙ ንገሩ።