ፉሮሴማይድ ለሚወስድ ልጅ

ለልጅዎ ፉሮሴማይድ (ሽንት በብዛት እንዲወጣ የሚያደርግ መድኃኒት) በፈሳሽ መልክ የታዘዘ እንደሆነ፣ የቤት ማንኪያ ሁሉ መጠኑ አንድ ስላልሆነ ከፋርማሲ በሚገኝ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይስፈሩ፤ መስመሩንም ከዓይንዎ ትክክል አድርገው ያንብቡ። አዲስ ጠርሙስ በተቀበሉ ቁጥር በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ፤ ጥንካሬው ከተለየ የለመዱት መስመር የተሳሳተ መጠን ይሰጣልና ፋርማሲስቱን ሳይጠይቁ አይስጡ። ብዙ ወላጅ የሚዘነጋው ይህንን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘ ከሆነና ሐኪሙ ሌላ ሰዓት ካልወሰነ፣ ሁለተኛው ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ቢሰጥ ልጁ ሌሊት ለሽንት ከመነሣት ይድናል። የተረሳውን ለማካካስ ደርቦ መስጠት አይገባም። ልጁን ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው፣ አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወይም ከወትሮው በላይ ከፈዘዘ ግን ቀጣዩን ከመስጠትዎ በፊት ሳይዘገዩ ሐኪሙን ያማክሩ።