ከጣና ዳር የተለቀመ ሁሉ ኔራይት አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ አኳሪየም የጀመሩ ልጆች ከጣና ዳር የለቀሙትን ቀንድ አውጣ በሃይላንድ ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ኔራይት አገኘሁ!» ይሉኛል፤ ለአኳሪየም የሚፈለገውን የውሃ ቀንድ አውጣ ማለታቸው ነው። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። ስህተቱ ግን ጤና ስለሚነካ ደጋግሜ እናገራለሁ።

የኔራይት ዝርያዎች በብዛት የሚኖሩት በሞቃት አገሮች የባሕር ዳርቻና ወደ ባሕር በሚገቡ ወንዞች ነው። የወንዞቹም ቢሆኑ የብዙዎቹ እጭ ያለ ጨዋማ ውሃ አያድግም። ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ነው። እጩ በየት በኩል ይምጣ?

ብዙ ጊዜ የሚያመጡልኝ ባዮምፋላሪያ የሚባለውን ቀንድ አውጣ ነው። ዛጎሉ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነው፤ የዛጎሉን አፍ የሚዘጋ ክዳን የለውም። በጎጃም ወንዞችና የመስኖ ቦዮች የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው እሱ ነው። የበሽታው ትል ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ይዋኛል፤ ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ይገባል። በቅርቡ አንዱ ተማሪ ያመጣው ሃይላንድ ክዳኑ ላልቶ ውሃው እስከ ክርኑ ይወርድ ነበር። እባካችሁ! በባዶ እግር ገብታችሁ፣ በባዶ እጅ ለቅማችሁ፣ ውሃውንም ቀድታችሁ ቤት አታስገቡ። እስካሁን ያደረጋችሁ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ሁለተኛው ስህተት ኔራይትን በቀለም መለየት ነው። አንዱ ባለ መስመር፣ ሌላው ባለ ነጠብጣብ ሆኖ ሁለቱም አንድ ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ። ይልቅ ዛጎሉን ገልብጡት። የኔራይት አፍ ግማሽ ክብ ነው፤ ቀጥ ባለው ጎኑ ጠፍጣፋ ግድግዳ አለው፤ አንዳንዶቹ እዚያ ላይ ጥርስ አላቸው። ክዳኑ ጠንካራ፣ ከኖራ የተሠራ ነው፤ በውስጥ በኩል ጉጥ አለው። ክዳን ስላያችሁ ብቻ ግን አትቸኩሉ። ረዥምና ሹል የሆነው ሜላኖይድስ የሚባለው ቀንድ አውጣም ክዳን አለው፤ የእሱ ስስና ቀንዳማ ነው እንጂ የኖራ አይደለም።

የሱቅ ስምን እንደ ዝርያ ስም አትመዝግቡ። «ዜብራ» ብለው የሚሸጡት ከአንድ በላይ ዝርያ ሊሆን ይችላል። በድሮ መጻሕፍት ኔሪቲና በሚል የወገን ስም የተጠሩ በርካታ ዝርያዎችም ዛሬ ቪቲና በሚባለው ወገን ሥር ናቸው።

የአኳሪየሙ መስታወት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አይታችሁ ጫጩት አትጠብቁ። የኔራይት እንቁላል ነው፤ ጨው በሌለው ውሃ ግን አብዛኞቹ አያድጉም። እንደ አውሮፓ ወንዞቹ ቴዎዶክሰስ ፍሉቪያቲሊስ ያሉት ናቸው ያለ ጨው የሚራቡት።