ወደ ኋላ የሚቆጥር የግብር ሕግን ስንቃወም የምንሠራቸው ስህተቶች

ግብር መክፈል ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ሌላ ነው። ዓመቱ አልቆ፣ ሂሳብ ተዘግቶ፣ የግብር ክሊራንስ ተወስዶ ካበቃ በኋላ «አዲሱ ሕግ ላለፈውም ይሠራል» መባል የለበትም። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት የዛሬ ዓመት የሸጠችበትን ዋጋ ዛሬ መጨመር አትችልም። እዚያው ታይዋን ገበያ ላይ ጫማ የሚነግድ ሰውም ያለፈ ደንበኛውን ቤት ለቤት እየዞረ «ግብር ስለተጨመረ ልዩነቱን አምጣ» አይልም። ሁሉም ከራሱ ኪስ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ያወጣዋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ ሲመጣ መቃወም ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ፣ እውነት ይዘው በአካሄድ የሚሸነፉ ሰዎች መብዛታቸው ነው። ድሬም ሐረርም ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ኦዲትን ከሕግ ጋር ማምታታት

ዋናው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

«አቦ፣ የ2014ን ሂሳብ ዛሬ ይጠይቁኛል፤ ወደ ኋላ ሄዱ ማለት አይደለም እንዴ?» የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። አይደለም። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ሰብሳቢው ያለፈ ዓመት ሂሳብን እስከ አምስት ዓመት ድረስ መልሶ እንዲያይ ይፈቅዳል። ማጭበርበር ካለ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። የ2014 ገቢ በ2014 በነበረው ሕግ ከተሰላ፣ ስሌቱ ቢያናድድም ሕጉ ወደ ኋላ አልሄደም። የሚያከራክራችሁ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ማስረጃችሁም ደረሰኝና መዝገብ ነው።

ወደ ኋላ ሄደ የሚባለው የዛሬ ሕግ ለትናንት ገቢ ሲሠራ ነው። ይሄም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ሕጉ ራሱ «ከዚህ ቀደም ካለው ቀን ጀምሮ ይሠራል» ሲል ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ እንዲህ ሳይል አስፈጻሚው በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ሲጎትተው ነው። ለሁለተኛው መልክ ዘመቻ አያስፈልግም። በቅሬታ ሊስተካከል የሚችል የአፈጻጸም ስህተት ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? የግብር ውሳኔ ማስታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ሁለት ነገር በእስክሪብቶ አስምሩበት። የትኛው የግብር ዘመን ነው የተጠየቀው? የተጠቀሰው አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ቁጥሩ ስንት ነው? ከዚያ ሕጉን ራሱን አውጥታችሁ የወጣበትንና ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን እዩ። የግብር ዘመኑ 2015፣ ሕጉ የወጣው 2017 ከሆነ ጉዳይ አላችሁ። ደብዳቤው ምንም የሕግ ቁጥር ካልጠቀሰ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ በየትኛው ሕግ እንደተወሰነ በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ይሁን። ከዚህ በፊት ፊርማ ማሰባሰብ አትጀምሩ።

አንቀጽ 22ን መምዘዝ

ስብሰባ ላይ አንዱ ይነሳና «ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ይላል!» ይላል፤ ቤቱ ያጨበጭባል። አንቀጽ 22 የሚናገረው ስለ ወንጀል ሕግ ነው። ግብርን አይጠቅስም። ይህን ይዛችሁ ባለሥልጣን ፊት ብትቀርቡ፣ የቢሮው የሕግ ባለሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳችኋል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ነገር ብትናገሩም የሚሰማችሁ አታገኙም።

አንቀጹ የሚጠቅማችሁ አዲሱ ሕግ ያኔ ጥፋት ያልነበረን ነገር ዛሬ ወንጀል አድርጎ ሰው ሊያስቀጣ ሲሞክር ነው። ለግብሩ ራሱ ግን ሌላ መከራከሪያ ያዙ። የንብረት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 40 አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጋዴው ዋጋ ሲተምን የነበረው በዚያን ጊዜው ሕግ ላይ ተማምኖ መሆኑን በቁጥር አሳዩ። አንድ ካርቶን ዕቃ በስንት ገባ፣ በስንት ተሸጠ፣ ስንት ተረፈ፣ አዲሱ ስሌት ከትርፉ ስንት ይወስዳል። ከመቶ ንግግር ይልቅ ይህ አንድ ገጽ ይሠራል።

አዋጅ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ካላችሁም መደበኛ ፍርድ ቤት አዋጁን እንዲሽርላችሁ አትጠብቁ። መንገዱ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ረጅም ነው። ዘመቻችሁን በሱ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉት።

ለዘመቻ ሲሮጡ የቅሬታ ቀን ማሳለፍ

ይሄኛው ሰው ያከስራል። በአዋጅ 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ፣ ደብዳቤ ሲረቀቅ፣ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ቀጠሮ ሲጠበቅ 21 ቀን እንደ ዋዛ ያልፋል። ከዚያ ውሳኔው ይጸናል። ሕጉ በኋላ ቢሻሻል እንኳ የእናንተን ጉዳይ መልሶ መክፈት ከባድ ነው።

የጋራ ዘመቻ የግል ቅሬታን አይተካም። እያንዳንዱ ነጋዴ በስሙ፣ በቲን ነምበሩ ቅሬታውን ያስገባ። ጊዜ ካጠረው ቀኑ ሳያልፍ ማራዘሚያ ይጠይቅ። ያልተከራከረበትን የግብር ክፍል ደግሞ ይክፈል፤ አለበለዚያ ቅሬታው ተቀባይነት አያገኝም። ጉዳዩ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ከሄደ ክርክር ካለበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ግድ ስለሆነ፣ ይህን ገንዘብ ከወዲሁ አስቡበት። ሐረር ያላችሁ የክልላችሁን የታክስ አስተዳደር ሕግ አውጡና ቀኖቹን እዚያ ላይ አረጋግጡ።

የማይመለከተውን ቢሮ ማንኳኳት

ከድሬ ሐረር መንገዱ አጭር ነው፤ በሕግ ግን ሁለቱ ከተሞች ይራራቃሉ። ሐረር የክልል ዋና ከተማ ናት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴን የገቢ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ የሐረሪ ክልል ሕግ ከሆነ ጥያቄያችሁ የሚሄደው ወደ ክልሉ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ 22 አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤና 14 አባላት ያሉት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ አሉት። የጀጎልም ሆነ የሸዋ በር ነጋዴ ተወካዩን በስም ማወቅ አለበት።

ድሬዳዋ ደግሞ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የምትተዳደር፣ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት። ይህ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ዕድል ይሰጣታል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለፌዴራሉ ተጠሪ የሆኑ ከተሞችን አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት። ከጸደቀም በኋላ ካልተመዘገበና በይፋ ካልወጣ ተፈጻሚ አይሆንም። ወደ ኋላ የሚሄደው ነገር ብዙ ጊዜ በአዋጅ ሳይሆን በመመሪያ ወይም በሰርኩላር ደብዳቤ ነው የሚመጣው። «መመሪያው ቁጥሩ ስንት ነው? የት ተመዘገበ? አስተያየት የተሰበሰበበትስ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

የፌዴራል አዋጅ ከሆነ ግን በከተማው ገቢዎች ሠራተኛ ላይ መጮህ ትርጉም የለውም። እሱ ሕግ አያወጣም።

ብሶትን ሁሉ አንድ ደብዳቤ ላይ መጫን

አንድ ጊዜ ከዚራ አካባቢ ሻይ ቤት ተቀምጠን የነጋዴዎች አቤቱታ አነበብኩ። አራት ገጽ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኮንትሮባንድ ገበያውን ገደለው፣ የሱቅ ኪራይ ናረ፣ ባጃጅ መንገድ ዘጋ። የግብሩ ጉዳይ የተገኘው ሦስተኛው ገጽ መሃል ላይ ነው። ሁሉም እውነት ነው። የሚቀበለው ሰው ግን የትኛውን ይመልስ?

እንዲህ ብሎ መጻፍ ይበቃል፦ «መመሪያ ቁጥር ይህ የወጣው የካቲት 1 ቀን ነው። ተፈጻሚ የሚሆነው ግን ካለፈው ሐምሌ 1 ጀምሮ ነው ይላል። በእነዚህ ሰባት ወራት የሸጥነውን ዕቃ ዋጋ ልንለውጥ አንችልም። ተፈጻሚነቱ ከሚቀጥለው ሐምሌ 1 እንዲጀምር፣ እስካሁን የተጣለው ቅጣትና ወለድም እንዲነሳ እንጠይቃለን።» ስም፣ ፊርማ፣ የሱቅ ቁጥር። ግማሽ ገጽ። «ሕጉ ይሰረዝ» ከሚለው ይልቅ «የሚጀምርበት ቀን ይስተካከል» የሚለውን መቀበል ለባለሥልጣንም ይቀላል።

ሱቅ መዝጋት

በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በየከተማው ሱቅ የዘጋ ብዙ ነበር። የታሸገበትም ነበር። ግምታቸው እንደገና የታየላቸው ቅሬታ ያስገቡት ናቸው። ሰልፍ መውጣት ከፈለጋችሁ አንቀጽ 30 መብቱን ይሰጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል።

የውጭ ምሳሌን አዛብቶ መጥቀስ

ሕንድና ቮዳፎን ሁሌ ይነሳሉ። የስልክ ኩባንያው ቮዳፎን እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግብር ክርክሩን አሸነፈ። መንግሥት በዚያው ዓመት ሕጉን እስከ 1962 ወደ ኋላ የሚሄድ አድርጎ አሻሻለው። ኩባንያው በ2020 በዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት ያሸነፈው በኢንቨስትመንት ስምምነት መሠረት ነው፤ የድሬዳዋው የአሸዋ ገበያ ነጋዴ እንዲህ ያለ ስምምነት የለውም። ለእኛ የሚጠቅመው መጨረሻው ነው። ሕንድ በ2021 ያንን ግብር ራሷ አነሳች፤ የሰበሰበችውንም ያለ ወለድ መለሰች። ጸንቶ የቆየው ክርክር ባለሀብት ያሸሻል የሚለው ነበር። የነፃ ንግድ ቀጠና ላላት ድሬዳዋ ይህ ክርክር በደንብ ይገጥማል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የእንግሊዝ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሕግ ደመወዛቸውን በብድር መልክ ሲቀበሉ የነበሩ ሠራተኞችን እስከ 1999 ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ያዘ። ተቃዋሚዎቹ «ግብር ሸሺዎች» ተባሉ። ሆኖም እያንዳንዱ የደረሰበትን ለምክር ቤት ተወካዩ መጻፉን ቀጠለ፤ መንግሥትም ገለልተኛ ግምገማ ለማስደረግ ተገደደ። በዚያ ግምገማ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 9 ቀን 2010 በፊት የተሰጡ ብድሮች ከሕጉ ወጡ። ሕጉ አልተሰረዘም፤ ቀኑ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወደዚህ ቀረበ።

«ግብር ሸሺ» የሚለው ስም እኛም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ደረሰኝ የማይቆርጥ፣ ሁለት መዝገብ የሚይዝ ሰው ከኮሚቴው ፊት አይቁም። ነውሩ የሁላችሁ ይሆናል። ያስገባችሁትን ደብዳቤ ሁሉ ደግሞ መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ቅጂውን ያዙ፤ «አልደረሰንም» ሲባል የሚመልስላችሁ እሱ ብቻ ነው።